የምርምር ሥራ በምርምሩ ስፍራ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፤ ከደቡብ ዋልታ እስከ ዶርዜ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ለዕውቀት ተብሎ የሚደረግ ሥራ ራሱ በሚመረመረው ስፍራ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል፣ ጉዳቱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በምን መለኪያ ሊገመት እንደሚገባ ነው። ግድብና መንገድ፣ ፋብሪካና ማዕድን ምድርን እንደሚለውጡ ሁሉም ያውቃል። ተመራማሪ ግን የሚመጣው ለማወቅና ለመጠበቅ ነው ስለሚባል፣ ዘወር ብሎ የራሱን ዱካ የሚመለከት ጥቂት ነው። ነገሩን የምናየው በዶርዜና በዙሪያዋ ባለው የጋሞ ምድር ነው፤ መለኪያውን ግን የምንዋሰው እጅግ ሩቅ ከሆነ ስፍራ፣ ከደቡብ ዋልታ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ዋልታው ዓይናችንን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንታርክቲካ ተወላጅ ሕዝብ የለም፤ እርሻም ከተማም የለም። በዚያ ከሚደረገው ሥራ ዋነኛው ሳይንሳዊ ምርምር ስለ ሆነ፣ ምድሩ ቢጎዳ ተመራማሪው ጥፋቱን በሌላ ላይ ለማላከክ አይመቸውም። ስለዚህም መንግሥታት በ1991 በማድሪድ ከተማ ስለ አንታርክቲካ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ተፈራረሙ፤ ይኸውም በ1998 በሥራ ላይ ዋለ። ፕሮቶኮሉ ማናቸውም ሥራ፣ ምርምርም ቢሆን፣ አስቀድሞ እንዲመዘን ያዝዛል።

ሚዛኑ ሦስት ደረጃ አለው። የሚጠበቀው ጉዳት «ጥቂት ወይም አላፊ» ከሚባለው ያነሰ እንደ ሆነ ሥራው ወዲያው ሊጀመር ይችላል። ጥቂት ወይም አላፊ የሆነ እንደ ሆነ መነሻ ግምገማ በጽሑፍ ይዘጋጃል። ከዚያ የሚበልጥ እንደ ሆነ ግን ሙሉ ግምገማ ይደረጋል፤ ረቂቁም ለአባል መንግሥታትና ለሕዝብ ተገልጾ ለአስተያየት 90 ቀን ይሰጣል። በሙሉ ግምገማው ውስጥ ስፍራው ከሥራው በፊት የነበረበት ሁኔታ፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደምሮ የሚመጣው ጉዳት፣ እንዲሁም ሥራውን ጨርሶ መተው እንደ አንድ አማራጭ ሊመዘኑ ይገባል።

የቮስቶክ ሐይቅ ታሪክ የመለኪያውን ጥቅም ያስረዳል። ይህ ሐይቅ የሚገኘው ከ3,700 ሜትር በላይ ውፍረት ካለው በረዶ በታች ነው። የሩሲያ ተመራማሪዎች በረዶውን ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ተመልሶ እንዳይዘጋ ኬሮሲንና ፍሬዮን ይሞሉበት ነበር። በ1998 ከሐይቁ ለመድረስ 130 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ለብዙ ዘመን ከአየር ተለይቶ የኖረው ውሃ እንዳይበከል በመሥጋት ቁፋሮው ቆመ። ከዚያም ሙሉ ግምገማ ቀርቦ ከተተቸ በኋላ ሥራው ቀጠለ፤ በ2012 መጀመሪያም ሐይቁ ተደረሰ። ሆኖም ከመጀመሪያው ናሙና ውስጥ የሐይቁን ከመቆፈሪያው ፈሳሽ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ተመራማሪው የፈለገው የሐይቁን ንጽሕና ነበር፤ ንጽሕናውን ያሰጋው ደግሞ የተመራማሪው መሣሪያ ነው።

አሁን ይህንኑ ሚዛን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ከዶርዜ ሥር ካለው ቆላ ጀምረንም ወደ ደጋው እንውጣ። በአርባ ምንጭ አጠገብ በሚገኘው በነጭ ሣር ፓርክ፣ በ1990 ከካምብሪጅ የመጣ የጥናት ቡድን ናይትጃር ከሚባሉት፣ በሌሊት ከሚበሩት ወፎች ወገን የሆነች አንዲት ወፍ በመንገድ ላይ ሞታ፣ ደቅቃ አገኘ። ቡድኑ የወሰደው አንድ ክንፏን ብቻ ነው። በዚያው ክንፍ መነሻነት በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኗ ታትሞ ወጣ፤ የተሰጣት ሶላላ የሚል የላቲን ስምም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ሕያው ወፍ ስላልተገደለ የዚህ ሥራ ጉዳት ከጥቂት ያነሰ ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ዝናው ሌሎችን ጠራ፤ በ2009 ወፏን በሕይወቷ አየናት ያሉ ፈላጊዎች ነበሩ። እነዚህ ወፎች በሌሊት በመንገድ ላይ የማረፍ ልማድ ስላላቸው፣ እያንዳንዱ መኪና ብቻውን ሲታይ ጉዳቱ ጥቂት ቢመስልም የብዙዎቹ ድምር ግን ጥቂት ላይሆን ይችላል። ፕሮቶኮሉ የድምር ጉዳት ይመዘን ማለቱ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በጋሞ ደጋ ያለው የሞታ ዋሻ ነው። በ2012 በዚህ ዋሻ በተደረገ ቁፋሮ 4,500 ዓመት ያህል የቆየ የሰው አፅም ተገኘ፤ በጋሞኛ «በኵር» ማለት የሆነው ባይራ የሚለው ስም ተሰጠው። የዋሻው ቅዝቃዜና ድርቀት ዲኤንኤውን ጠብቆት ስለ ነበረ፣ በ2015 በአፍሪካ ከተገኘ ጥንታዊ አፅም የመጀመሪያው ሙሉ ጂኖም ሆኖ ታተመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ በኮምፒዩተር ስሌቱ ስሕተት መገኘቱ ተገለጸ፤ ከእስያና ከአውሮፓ ወደ መላው አፍሪካ ገብቷል የተባለው የዘር ቅይጥም ተጋንኖ እንደ ነበር ታወቀ። ስሌቱ የታረመው መረጃው በእጅ ስለ ነበረ ነው። የተቆፈረ አፈር ግን ወደ ነበረበት ድርብርብ አይመለስም። ከዚህ የምንማረው፣ ጥንቃቄያችን ሁሉ ሊታረም በማይችለው የሥራ ክፍል ላይ ሊጠነክር እንደሚገባ ነው።

በዶርዜ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። ዶርዜዎች በሽመናቸውና ከቀርከሃ ተሠርቶ እጅግ ረጅም በሆነው ቤታቸው የታወቁ ናቸው። ምስጥ የቤቱን እግር ሲበላው የተበላው ክፍል ስለሚቆረጥ ቤቱ በዕድሜው መጠን እያጠረ ይሄዳል። ይህን ለመመርመር ጥቂት የቀርከሃ ዘንጎች ቢቆረጡ፣ ዘንጉ በአንድ የዕድገት ወቅት ወደ ሙሉ ቁመቱ የሚደርስ፣ በሦስት ዓመት ያህልም የሚጠነክር ስለ ሆነ ጉዳቱ አላፊ ነው። ሥሩን መቆፈር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዲሱ ዘንግ የሚወጣው ከሥሩ ነውና። እንደዚሁም የአንድን አሮጌ ጥድ ዕድሜ ለማወቅ ግንዱን መቁረጥና ጠባብ ቀዳዳ በሚተው መሰርሰሪያ ናሙና ማውጣት እኩል አይደሉም። ዕፅዋት ለሚሰበስብም፣ ከ20 አንድ እንጂ ከዚያ በላይ አይወሰድ የሚል የቆየ የሙያ ልማድ አለ። እንግዲህ «አላፊ» የሚለው ቃል የሚለካው ተመራማሪው በዚያ በሚቆይበት ጊዜ ሳይሆን፣ የተነካው ነገር ተመልሶ ለመብቀል በሚወስደው ዘመን ነው።

ይሁን እንጂ የዋልታው ሚዛን ለዶርዜ ብቻውን አይበቃም፤ ጋሞ እንደ አንታርክቲካ ባለቤት የሌለው ምድር አይደለምና። በጋሞ ደጋ ሕዝቡ በሥርዓቱ የጠበቃቸው ደኖች አሉ፤ ከእነርሱ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው፤ ይኸውም መከራ የሚያመጣ ነውር ማለት ነው። ነገሩ የሚታየውም ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው። ይህ ከማድሪዱ ስምምነት በፊት የነበረ የጉዳት መለኪያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቅጠል በዕፅዋት ተመራማሪው ሚዛን ከጥቂት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከተከለከለ ደን የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ደኑን ሲጠብቅ የኖረውን ክልከላ ያላላል። ክልከላው ከላላ መጥረቢያ የያዘ ሰው ተማሪውን ተከትሎ ይገባል።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ2002 የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የሚመለከተው በመመሪያ የተዘረዘሩትን የልማት ፕሮጀክቶች ስለ ሆነ፣ የጥቂት ተማሪዎችን ቅጠል ለቀማ ለመመዘን የታሰበ አይደለም። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ግን ጀነቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት ሲሆን፣ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመውሰድ አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍተት የሚሞላው የተመራማሪው ኅሊና ነው፤ ኅሊና ደግሞ በጽሑፍ ሲሰፍር ይበልጥ ይጠነክራል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የመስክ ጥናት ዕቅድ አንድ ተጨማሪ ገጽ እንዲኖረው ሐሳብ እናቀርባለን። በገጹም አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ስፍራው አሁን ምን ይመስላል? ምን እንወስዳለን፣ ምንስ ትተን እንሄዳለን? የምንነካው ነገር በስንት ዓመት ይመለሳል? ከእኛ በፊት የመጡት ምን ወስደዋል? ባንሄድስ፣ ቀድሞ በተሰበሰበው ናሙና መልሱን ልናገኝ አንችልምን? ገጹ ሲሞላ በመምህሩ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሽማግሌዎችም ፊት ይነበብ። አንዳንድ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «አትሂዱ» የሚል ይሆናል። ይህንንም መልስ እንደ ምርምር ውጤት መዝግበን መቀበል ይገባናል፤ ዛሬ ያልተነካው ደንና ያልተቆፈረው አፈር ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ይዘው ለሚመጡት ተማሪዎች የምናቆየው ነውና።