የደመናው ሠራተኛና የቡና ለቃሚዎች ሒሳብ

በቡና መልቀሚያ ወራት ወደ ደዶ የመጣ እንግዳ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ያያል። አንደኛው ዘበኛው ነው፤ ሥራ በዛም አነሰም ወር ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል። ሁለተኛዋ ለቃሚዋ ናት፤ የሚከፈላት በለቀመችው እሸት ቡና ኪሎ ልክ ነው፤ ካልለቀመች ክፍያ የለም። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልዩነት ልብ ካሉት፥ በኮምፒዩተር ዓለም «ሰርቨርለስ» የሚባለውን አሠራር እኩሌታውን ተረዱት ማለት ነው።

ቀድሞ ፕሮግራሙ ለሕዝብ እንዲያገለግል የፈለገ ሰው፥ ሌት ተቀን የሚሠራ ሰርቨር መግዛት ወይም መከራየት ነበረበት። ጠያቂ ባይመጣም ኪራዩ ይቈጥራል፤ ይህ የዘበኛው ደመወዝ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2007 ዓ.ም. «ላምዳ» የተባለውን አገልግሎት ባስታወቀ ጊዜ ግን ነገሩ ወደ ለቃሚዋ ሥርዐት ዞረ። ፕሮግራሙ ጥያቄ ሲመጣ ይነሣል፤ መልሱን ሰጥቶ ያርፋል። ሒሳቡም በጥሪው ብዛትና በፈጀው ጊዜ ይታሰባል፤ በየወሩ የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ጥሪ ደግሞ የጥሪ ዋጋ አይጠየቅበትም። ስሙ «ሰርቨር የለሽ» ቢሆንም ሰርቨሩ አልጠፋም፤ በሌላ ሰው ግቢ ተቀመጠ እንጂ። ደመና ወይም ክላውድ የሚሉትም ይህንኑ ነው።

እኔም ባለፈው የመልቀሚያ ወራት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ የሙከራ ፕሮግራም አሰማራሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ የተለቀመውን ኪሎና የአንዱን ኪሎ ክፍያ ተቀብሎ የለቃሚዋን ሒሳብ ይነግራል። ፕሮግራሙን ጽፈን በክፍል ውስጥ ፈተንነው፤ ጠቅልለንም ኩባንያው በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኬፕታውን ወደ ከፈተው ማእከል ላክነው። 128 ሜጋባይት ማስታወሻና የ3 ሰኮንድ ገደብ በቃው። ከሸኪ ተጠይቆ ከኬፕታውን ሲመልስ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከማሰማራት ቀጥሎ የሚመጣው መጠበቅ ነው። «ክላውድዋች» የሚባለው ሰሌዳ ስንት ጥሪ እንደመጣ፥ ስንቱ እንደተሰናከለ፥ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ያሳያል። የመዝገቡ ሰዓት ግን የግሪንዊች ነውና አንባቢ አይሳሳቱ፤ እርሱ 14 ሰዓት ሲል በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 3 መቀነስ ይበቃል። ቡናው የሚመዘነውም በዚያው ሰዓት ስለሆነ ጥሪው ሲበዛ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከስሕተት አንጻር የተጻፈው ቍጥርም ዘወትር 0 ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን አንዱ ተማሪዬ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ፕሮግራሙን ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ለቃሚዎች ሒሳብ ሲያወጣበት ሰንብቷል። እናቱም ለአንዲት ለቃሚ የወጣውን ክፍያ ሰምተው፥ «አንተ ልጅ፥ ይህች ለቃሚ ናት ወይስ አይሱዙ?» አሉት። ልጁ 32.5 ሲጽፍ በነጥቡ ፈንታ ኮማ አስገብቷል። የእኔ ፕሮግራምም ኮማውን ጥሎ 325 ኪሎ ብሎ አነበበ። አልወደቀም፤ ሳያፍር መለሰ። ሰሌዳውም መልስ መሰጠቱን እንጂ የመልሱን እውነትነት አያውቅምና 0 ስሕተት ብሎ መዘገበ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ደነገጥሁ። ፕሮግራሙ ከኮማው በኋላ ያለውን ቈርጦ 32 ብሎ ቢያነብስ ኖሮ? ማንም አይስቅም ነበር። ከአንዲቷ ለቃሚ ግማሽ ኪሎ ይጎድላል፤ ለቃሚዎቹ 20 ቢሆኑ በቀን 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ሴቲቱ ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስትዞር የዋለችበት ድካም በእኔ ቸልተኝነት ሊቀር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፥ ፕሮግራሙ ኮማ ያለበትን ወይም ከ100 ኪሎ በላይ የሆነውን ቍጥር እንዳይቀበል፥ ባልተቀበለም ጊዜ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር እንዲጽፍ አዘዝነው። መስመሮቹ ሲበዙ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ይደርሰኛል። ሁለተኛ፥ ከመልሱ ጋር ያነበበውን ኪሎ መልሶ እንዲያሳይ አደረግን፤ ሚዛኑ አጠገብ የቆመችው ለቃሚ ራሷ ታመሳክረዋለች። ሦስተኛ፥ መልሱን አስቀድመን የምናውቀው አንድ ጥያቄ በየማለዳው በራሱ ይጠየቃል፤ መልሱ ከተለየ ለቃሚዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እናውቃለን።

አንባቢ ሆይ፥ ኩባንያው ሰርቨሩን ይጠብቅልዎታል፤ መብራቱንም ጥገናውንም ይችልልዎታል። መልሱ እውነት መሆኑን ግን አይጠብቅልዎትም። ነጻ ነው ብለው አሰማርተው ቢተዉት፥ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ይሆናሉ። የእኔው ልጅ እናት በአንድ ጥያቄ ያጋለጡትን፥ እኔ ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ አላየሁትም ነበር። እንግዲህ ፕሮግራም ሲያሰማሩ፥ «ሠራ ወይ?» ብቻ ሳይሆን፥ «ልክ ሠራ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም አብረው ያሰማሩ።