መቶ ዓመት ለሚያገለግል ቧንቧ የአንድ ዓመት መሪ

የአሜሪካ የውኃ ሥራዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት በኃላፊነት የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ በሚካሄደው ትልቁ ጉባኤ የሥራ ዘመኑ ያበቃው ለተተኪው ያስረክባል፤ በዓመቱ ደግሞ ተረካቢው በተራው አስረካቢ ይሆናል። ማኅበሩን በ1881 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሴንት ሉዊስ ከተማ የተሰባሰቡ 22 ሰዎች መሠረቱት። ዛሬ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉት፤ የማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተሮች፣ መሐንዲሶች፣ ኬሚስቶች፣ የከተማ ውኃ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ የቧንቧና የፓምፕ አምራቾች ይገኙበታል። እነዚህ ባለሙያዎች የሚቀብሩት የብረት ቧንቧ መቶ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ሥራው የመቶ ዓመት ሆኖ ሳለ መሪው የአንድ ዓመት መሆኑ እንግዳ ይመስላል። እኔ ግን ይህ አሠራር ከሥራው ጠባይ የመነጨ ብልሃት ነው እላለሁ። ፍሬው ዘግይቶ በሚታይ ሙያ መሪ ሊመዘን የሚገባው በእጁ የገባውን ያላለቀ ሥራ ምን ያህል አጠንክሮ እንዳስረከበ ነው።

የሙያ ማኅበር ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በፌብሩዋሪ 1904 ባልቲሞር ከተማ የደረሰውን ቃጠሎ ማስታወስ ይጠቅማል። እሳቱ ከ30 ሰዓት በላይ ነድዶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሣሪያቸውን በባቡር ጭነው ለእርዳታ ደረሱ። የውኃ ጎማቸውን በባልቲሞር የመንገድ ዳር የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃዎች ላይ ሊያጠልቁ ሲሞክሩ ግን ብዙዎቹ አልገጥም አሉ፤ የመግጠሚያው ስፋትና የጥርሱ አወጣጥ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበርና። ውኃ ነበር፣ ሰው ነበር፣ ጎማም ነበር፤ የታጣው አስቀድሞ የተደረሰ ስምምነት ነው። እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው ቢጠየቅ የራሱ ጎማ ከራሱ መቅጃ ጋር በትክክል እንደሚገጥም ያሳይ ነበር። ጉድለቱ በከተሞቹ መካከል ስለነበረ የትኛውም ከንቲባ በራሱ ሥልጣን ሊያስተካክለው አይችልም ነበር። የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የማንም ድርሻ ያልሆነው የጋራ ጉዳይ ባለቤት እንዲኖረው ያደርጋል።

የአሜሪካ የውኃ ሥራዎች ማኅበር የመጀመሪያ የቧንቧ ደረጃውን ያወጣው በ1908 ነው። ደረጃው በካስት አይረን ቧንቧዎች ላይ ያተኮረ ነበር። ዛሬ ማኅበሩ ያወጣቸው ደረጃዎች ቧንቧን፣ ቫልቭን፣ የውኃ ቆጣሪን፣ ማጠራቀሚያ ታንከርንና የማጣሪያ ኬሚካሎችን ሁሉ ይሸፍናሉ፤ ከአሜሪካ ውጭም የጨረታ ሰነዶች ይጠቅሷቸዋል። ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። በአንድ በኩል ዕቃውን የሚገዙ የውኃ ድርጅቶች፣ በሌላ በኩል አምራቾች፣ በሦስተኛ ወገን ደግሞ እንደ አማካሪ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች ያሉ ከሁለቱም ያልሆኑ ባለሙያዎች ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ወገን በቁጥር በልጦ ሌላውን እንዳይውጥ ሚዛኑ ይጠበቃል። የተቃውሞ ድምፅ የሰጠ አባል ምክንያቱ ተመርምሮ መልስ ሊሰጠው ይገባል። የጸደቀው ደረጃም በየአምስት ዓመቱ ገደማ እንደገና ይታያል። በዚህ ስሌት አንድ የክለሳ ዙር ብቻ የአምስት ፕሬዚዳንቶችን ዘመን ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ሰው ጀምሮ ሊጨርሰው የማይችለው ሥራ በመሆኑ አሠራሩ ሲጀመር የተቀረፀው ሰው እንደሚቀያየር ታሳቢ ተደርጎ ነው።

የዚህን ጥቅም በግልጽ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2001 ማኅበሩ አንድ አሳሳቢ ጥናት አሳተመ። በጥናቱ መሠረት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቀበሩት ወፍራም ቧንቧዎች በአማካይ 120 ዓመት፣ በ1920ዎቹ የተቀበሩት 100 ዓመት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቀበሩት ደግሞ 75 ዓመት ያህል ያገለግላሉ። የተቀበሩበትን ዘመን ከዕድሜያቸው ጋር ደምሮ ላየ ሰው ሦስቱም ትውልዶች የሚያረጁት በተቀራረበ ጊዜ ነው፤ የአያት፣ የአባትና የልጅ ዕዳ በአንድ ላይ ለአንድ ትውልድ ይደርሳል። በ2012 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ማኅበሩ ቧንቧ ለመተካትና ለማስፋፋት በ25 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ አሰላ። ማኅበሩ ለውኃ ሥራ ረጅም ጊዜ የሚከፈል ዝቅተኛ ወለድ ያለው የፌዴራል ብድር እንዲኖር ሲወተውት ቆይቶ፣ ሕጉ በ2014 በኮንግረስ ጸደቀ፤ የመጀመሪያው ብድር የተሰጠው በ2018 ነው። ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጀመሪያው ብድር 17 ዓመት አለፈ። የመጀመሪያውን ጥናት ያሳተመው ፕሬዚዳንት ብድሩ ሲፈረም ከሥልጣን ከወረደ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ብድሩ ሲፈረም የነበረውም ለጥናቱ ባለውለታ ነኝ ሊል አይችልም። ሥራው የተሠራው በዱላ ቅብብል ነው።

ለዚህ አሳብ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ አንድ ዓመት አጭር ነው፤ መሪው ሥራውን ሲለምድ ይወጣል፤ ስለዚህ ሹመቱ ከክብር አያልፍም ይባላል። ተቃውሞው እውነትነት የሚኖረው መሪው ድንገት ገብቶ ድንገት የሚወጣ ቢሆን ነበር። በዚህ ማኅበር ግን አንድ ሰው ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት አንድ ዓመት ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቀመጣል፤ ካስረከበ በኋላም አንድ ዓመት የቅርብ ተሰናባች ፕሬዚዳንት ተብሎ ከአመራሩ ጋር ይቆያል። በማንኛውም ጊዜ የሚመጣው፣ ያለውና የወጣው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ናቸው። ከዚህም በላይ እዚያ የሚደርሱት አብዛኞቹ ከክልል ቅርንጫፎችና ከቴክኒክ ኮሚቴዎች ጀምረው ለረጅም ዓመታት በነጻ ያገለገሉ ናቸው። በሌላ በኩል ዘመኑ ቢረዝም የሚመጣው ጉዳትም መታየት አለበት። ለሰባትና ለስምንት ዓመት አንድ መሪ ያለው ማኅበር አቅጣጫው ከዚያ ሰው የትውልድ ቦታና የሥራ መስክ ጋር ይያያዛል። በየዓመቱ ሲቀየር ግን ዘንድሮ የትልቅ ከተማ ሥራ አስኪያጅ፣ ከርሞ የአማካሪ ድርጅት መሐንዲስ ሊመራው ይችላል።

ሥልጣኑ የሕይወት ማሳረጊያ አለመሆኑም ሌላው ጥቅም ነው። ለዚህ የአቤል ዎልማንን ታሪክ የሚያህል ምስክር የለም። ዎልማን በ1892 የተወለደው በዚያችው ባልቲሞር ነው። ክሎሪን ለአንድ ከተማ ውኃ በቋሚነት መጨመር በአሜሪካ የተጀመረው በ1908 በጀርሲ ሲቲ ቢሆንም፣ መጠኑን መወሰን ለብዙ ዓመታት በግምት የሚሠራ ነገር ነበር፤ ሲያንስ ጀርሙ አይሞትም፣ ሲበዛ ውኃው አይጠጣም። በ1919 ዎልማንና የኬሚስት ባልደረባው ሊን ኤንስሎ እያንዳንዱ ውኃ ምን ያህል ክሎሪን እንደሚፈልግ በምርመራ የሚለይበትን ዘዴ አቀረቡ፤ ትናንሽ ከተሞችም ሳይቀሩ ሊጠቀሙበት ቻሉ። ዎልማን በ1942 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ዘመኑ ሲያበቃ አስረከበ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አስተማረ፣ መንግሥታትን አማከረ፤ ከተሞች ውኃና ምግብ አስገብተው ቆሻሻ የሚያስወጡበትን ሂደት በቁጥር ያሳየውን ዝነኛ ጽሑፉን ያወጣው በ1965 ነው። ትልቁ ግኝቱ ከሹመቱ በፊት፣ ትልቅ የሐሳብ ሥራው ከሹመቱ በኋላ መሆኑ ብዙ ያስተምራል። መንበሩ አጭር ስለሆነ ሰውየው ከሙያው አልተቋረጠም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። መሪው በየዓመቱ ከተቀየረ እውነተኛው ሥልጣን ደመወዝ ተከፍሏቸው በዋና መሥሪያ ቤት በሚቆዩት ሠራተኞች እጅ ይገባል የሚል ነው። ይህን ስጋት ማጣጣል አይቻልም። ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የማኅበሩን ፋይል፣ ገንዘብና ትውውቅ ሁሉ ያውቃል፤ አዲስ ገቢው ፕሬዚዳንት ከእሱ ሰምቶ መሄድ ሊቀልለው ይችላል። የዚህ መድኃኒት ግን ቦርዱን ማጠንከር እንጂ የፕሬዚዳንቱን ዘመን ማስረዘም አይደለም። የማኅበሩ የዳይሬክተሮች ቦርድ በዋነኛነት ከየቅርንጫፎቹ በተመረጡ አባላት የተሞላ ነው፤ በጀትና ስትራቴጂ የሚጸድቀው በእነሱ ነው። ተሰናባች ፕሬዚዳንት የጀመረውን ጉዳይ በቦርድ ውሳኔ በጽሑፍ ካላሠፈረ ግን ሥራው ከእሱ ጋር ይወጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚነሳው ከማኅበሩ ውጭ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የውኃ ድርጅቶች ጠበቃ እንጂ የሕዝብ ጠበቃ አይደለም የሚሉ አሉ፤ የእርሳስ ቧንቧን ጉዳይም ይጠቅሳሉ። ጉዳዩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን በደንብ ይታወቃል። በኖቬምበር 2000 በከተማዋ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን በክሎራሚን ተተካ። ዓላማው ጎጂ የክሎሪን ተረፈ ምርቶችን መቀነስ ነበር፤ ነገር ግን የአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውኃው መሟሟት ጀመረ፤ ሕዝቡ በስፋት ያወቀው በ2004 ነው። ማኅበሩ በ2016 በቦርዱ ውሳኔ የእርሳስ ቧንቧዎች ሙሉ በሙሉ እንዲወገዱ የቀረበውን ምክረ ሐሳብ ደገፈ። በኦክቶበር 2024 መንግሥት አብዛኞቹ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲተኩ ደንብ ሲያወጣ ግን ማኅበሩ፣ ደንቡ በግል ግቢ ውስጥ ያሉ የድርጅቶቹ ንብረት ያልሆኑ ቧንቧዎችን ጭምር በእነሱ ላይ ይጭናል ብሎ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ይህን እንደ መካድ የሚያዩት አሉ፤ ተቋሙ የአባላቱን ጥቅም እንደሚያስጠብቅም አይካድም። የሥራ ዘመን ማጠሩ ከእንዲህ ዓይነቱ ወገንተኝነት ዋስትና ሊሆን አይችልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የ2016ቱ አቋም የአንድ ፕሬዚዳንት ቃል ሳይሆን የቦርድ ውሳኔ ስለሆነ ዛሬም ተተኪዎቹ ሊጠየቁበት ይችላሉ። ሰው ሲወጣ ቃል አብሮት የማይወጣበት ተቋም ተጠያቂነት ይኖረዋል።

በአገር ቤትም በውጭም የሐኪሞች፣ የመሐንዲሶችና የማኅበረሰብ ማኅበራት ላሏቸው ኢትዮጵያውያን ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። አጭር ዘመን በሕገ ደንብ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይሠራም፤ ተተኪው አስቀድሞ የሚዘጋጅበት ጊዜ፣ በጽሑፍ የሠፈረ የብዙ ዓመት ዕቅድና ከወጣ በኋላ በአክብሮት የሚያማክር ሰው ያስፈልጉታል። ተሰናባች መሪ ሪፖርት ሲያቀርብ ስንት ስብሰባ እንደተካሄደና ስንት እንግዳ እንደተጋበዘ መስማት አይበቃንም። ከእርሱ በፊት የተጀመረውን ምን አስቀጠለ? ለተተኪው በጽሑፍ ምን ተወ? ከእርሱ በኋላ የሚቀጥል ኮሚቴ የትኛው ነው? ብለን እንጠይቀው። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ሰው አንድ ዓመት ብቻ መርቶም ቢሆን በሙሉ ክብር ይሰናበት፤ መልስ ያጣ ግን አሥር ዓመት ቢጨመርለት የጊዜ ማነስ ሰበብ ሊሆነው አይገባም።