ለትራፓኖ መቆሚያ የሚሆን ባለ መንኰራኵር የመሣሪያ ሣጥን

በምዕራብ ጎንደር ቈላ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሽንፋ የሚባል ከተማና በዚሁ ስም የሚጠራ ወንዝ አለ። ወንዙ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ረሃድ እየተባለ ከዐባይ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ወንዝ ዳር በተደረገው ቍፋሮ የተገኘው ነገር በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ተገልጦ ነበር። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የመሩት የተመራማሪዎች ጓድ እንዳስረዳው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ስፍራ የኖሩ ሰዎች ጥቃቅን ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶች ይሠሩ ነበር፤ እነዚህም ለቀስት ፍላጻ ያገለገሉ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል። ወንዙ በበጋ እየጐደለ ኵሬ ኵሬ በሆነ ጊዜም ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ ነበር።

እንግዲህ የሽንፋ ምድር መሣሪያ የሚሠራ እጅ ካየ ብዙ ዘመን አልፎታል። ቀስትም ለአደን ብቻ የተፈጠረ ሆኖ አልቀረም። በጥንታዊት ግብፅ የነበሩ አናጢዎች የቀስቱን ጅማት በመሰርሰሪያው ዘንግ ላይ ጠምጥመው፣ ቀስቱን ወዲያና ወዲህ በመሳብ ዕንጨት ይበሱ እንደ ነበር በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ የቀሩት ሥዕሎች ያሳያሉ። በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ፤ በዚያው በ1881 ዓ.ም. መጨረሻ በአውስትራልያ በሜልበርን ከተማ አርተር ጀምስ አርኖትና ዊልያም ብላንች ብሬን የተባሉ ሁለት ሰዎች በኤሌክትሪክ ኀይል ለሚሠራው መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት አገኙ። እኛ ከጣልያንኛው ቃል ወስደን ትራፓኖ የምንለው መሣሪያ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዐይነት እየተሠራ እስከ ትንንሾቹ የቈላ ከተሞች ደርሷል።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ትራፓኖው ሳይሆን ትራፓኖው ስለሚቆምበት ነገር ነው። ሰዎች ለመሣሪያው ገንዘብ ለማውጣት ብዙ ዓመት ይቈጥባሉ፤ መቆሚያውን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከተገኘው ዕንጨት ይገጣጥሙታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ችግሩ ምንድር ነው?

በሽንፋ ገበያ አጠገብ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ባለሙያ በዐሳባችን እንመልከት። የሚሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ሙቀቱም ከውስጥ አያስቀምጥም። ስለዚህ ጧት ዕቃውን ወደ በረንዳው ያወጣል፤ ሲመሽ መልሶ ያስገባል። መዶሻውና መጋዙ ቀላል ናቸው። በጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ትራፓኖ ግን 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም የሚበዛው የሞተሩና የራሱ ክብደት ከላይ ነው። ባለሙያው ከልጁ ጋር ሆኖ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲያነሣው ወገቡ ይጐዳል። ይህን ለማስቀረት ብሎ በአንድ ረዥም ጠባብ ጠረጴዛ እግር ሥር አራት ትንንሽ ጎማ ቢገጥም ደግሞ የባሰ ነገር ያገኘዋል። የአንዱ ጎማ ጫፍ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ጠረጴዛው ባለበት ይቆማል፤ ትራፓኖው ግን መንገዱን ይቀጥላል። በፊቱ ቆሞ የሚስበው ልጅ ቢሆንስ?

ስለዚህ መቆሚያው ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይፈጽም ዘንድ ይፈለግበታል። ሲገፋ በቀላሉ መሄድ፣ ሥራ ሲጀመር ደግሞ እንደ ተተከለ ዓምድ መቆም አለበት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያደርግ መቆሚያ ግማሽ ሥራ ነው።

ይህን ነገር በታላቁ መጠን ያየ ሰው ከዚሁ ከምዕራብ ጎንደር፣ ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ሲወስዱት ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር፤ ጕዞውም ወራትን ፈጀ። መንኰራኵሩ እንዲሄድ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለና ገደል እየደለደለ አስቀድሞ መንገድ ማውጣት ነበረበት። ከዚህ የምንማረው መንኰራኵር ከሚሄድበት መሬት ተለይቶ የማይታሰብ መሆኑን ነው። መቆሚያ የሚሠራም ሰው ሜትሩን ከማንሣቱ በፊት ወለሉን ይመልከት።

ስለ ቁመቱና ስለ ስፋቱ

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲም የሆነ ሰው ቆሞ እጁን ሲያጥፍ ክርኑ ከመሬት 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም ያህል ከፍ ይላል። የሚበሳው ብረት በዚህ ከፍታ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢገኝ ትከሻ አይደክምም፤ ዐይንም ምልክቱን አጥርቶ ያያል። የትራፓኖው ገበታ ለተለመደው ሥራ ከራሱ መሠረት 25 ወይም 30 ሳንቲም ከፍ ስለሚል፣ ለመቆሚያው 75 ሳንቲም ይበቃዋል። ከዚህ ውስጥ ጎማው ከነመያዣው 13 ሳንቲም ያህል ይወስዳል፤ የቀረውን 62 ሳንቲም የሣጥኑ አካል ከነክዳኑ ይይዘዋል።

የታችኛው ስፋት በሁሉም ጐን 60 ሳንቲም ይሁን። አጽሙ ከ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ተበይዶ ቢሠራ መልካም ነው። ክዳኑም እያንዳንዱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ኮምፔንሳቶ በኮላ ተጣብቆ ቢሠራ የትራፓኖውን መንቀጥቀጥ ይቀበላል። ትራፓኖው በክዳኑ ላይ በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይታሰር፤ ዳዶው ዕንጨቱን በልቶ እንዳይገባ ከሥሩ ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይደረግለት። ትራፓኖውን ወደ ክዳኑ ጠርዝ ማስጠጋት አይገባም፤ ክብደቱ በአራቱ ጎማዎች መካከል ይረፍ።

ከባዱ ከታች ይሁን

የዚህ ሥራ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ዕቃ የሚወድቀው የክብደቱ ማእከል ከመሠረቱ ጠርዝ ባለፈ ጊዜ ነው። ማእከሉ ከፍ ባለ ቍጥር ትንሽ ማዘንበል ይበቃዋል፤ ዝቅ ባለ ቍጥር ግን ይጸናል።

በቍጥር እንየው። 40 ኪሎ የሚመዝነው ትራፓኖ የክብደቱ ማእከል ከወለሉ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ላይ ነው እንበል። ባዶው ሣጥን 25 ኪሎ ቢሆንና ማእከሉ በ40 ሳንቲም ላይ ቢገኝ፣ የሁለቱ የጋራ ማእከል በ92 ሳንቲም ላይ ይውላል። ይህ መቆሚያ ወደ ጐን 18 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ይወድቃል። አሁን በሣጥኑ ታችኛ ክፍል፣ ከወለሉ 20 ሳንቲም ያህል ከፍ ባለው ስፍራ፣ 40 ኪሎ እንጨምርበት። የጋራው ማእከል ወደ 65 ሳንቲም ይወርዳል፤ ለመውደቅም 25 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ያስፈልገዋል። ክብደት በመጨመራችን መቆሚያው ይበልጥ ጸና እንጂ አልባሰበትም።

ይህ 40 ኪሎ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በታችኛው አጽም ላይ ላሜራ ተበይዶ፣ በላዩ 50 በ50 ሳንቲም የሆነ፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲም የደረሰ ኮንክሪት ቢፈስበት 30 ኪሎ ያህል ይሆናል። የቀረውን 10 ኪሎ በታችኛው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው ሞርሳና ቍርጥራጭ ብረት ይሞላዋል።

ስለ ጎማውና ስለ ወለሉ

የመተማ ቈላ አፈር በብዙ ስፍራ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቀጭን የሲሚንቶ ወለልም ከእርሱ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮም ይሰነጠቃል። በእንደዚህ ያለ ወለል ላይ ትንሽ ጎማ ስንጥቅ ይይዘዋል። ስለዚህ የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከ10 ሳንቲም ባያንስ ይሻላል። ጠቅላላው ክብደት 105 ኪሎ ይሆናል፤ ወለሉ ሲዛባ ግን ጭነቱ በሁለት ጎማ ላይ ብቻ ሊያርፍ ይችላልና እያንዳንዱ ጎማ 60 ኪሎ የሚሸከም ይሁን። ሁለቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው ብቻ የሚሄዱ፣ ሁለቱ ደግሞ የሚዞሩ ይሁኑ፤ አራቱም የሚዞሩ ከሆኑ ሣጥኑ ሲገፋ ወደ ጐን እየሸሸ ያስቸግራል።

ጎማው ፍሬን ቢኖረውም በሥራ ጊዜ በፍሬን ብቻ መታመን አይገባም። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው። በአራቱ ማእዘን ወደ ውጭ በወጣ አንጎላሬ ላይ የ16 ሚሊ ሜትር ዳዶ ይበየድ። በእያንዳንዱም ውስጥ እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ የወጣለት፣ ርዝመቱ ከ16 እስከ 18 ሳንቲም የሆነ ቡሎን ይግባ። ሣጥኑ ከሥራው ቦታ ሲደርስ ቡሎኖቹ ወደ ታች ይጠበቃሉ። የተለመደው የ16 ሚሊ ሜትር ቡሎን በአንድ ሙሉ ዙር 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ወለሉ ወደ አንድ ጐን ቢያዘነብል እንኳ በውሃ ልክ እያዩ ማስተካከል ይቻላል። ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው በእጅ ሲነኩ የሚዞሩ ከሆኑ ሣጥኑ ቆሟል ማለት ነው። ወለሉ አፈር ከሆነ ቡሎኑ እንዳይሰጥም ከሥሩ ሳንቃ ይደረግ። ሲመሽ ቡሎኖቹ ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ሣጥኑም ይገፋል።

ሁለት ሰዎች ሲገፉት አንዱም ከፊቱ አይቁም፤ ሁለቱም ከኋላ ሆነው፣ እጃቸውን በሣጥኑ አካል ላይ እንጂ በትራፓኖው ራስ ላይ ሳያደርጉ ይግፉት።

ከመሬት ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። በቈላ ምስጥ የዕንጨት ጠላት ነው። ምስጥ ከአፈር ወደ ዕንጨት የሚወጣው የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ በመሆኑ፣ ከወለሉ 13 ሳንቲም ከፍ ባለና በየቀኑ በሚንቀሳቀስ ሣጥን ላይ መንገድ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም፤ ቢጀምርም በጎማው ላይ ወዲያው ይታያል።

ስለ መሳቢያዎቹ

ሦስት መሳቢያ ይበቃል። ከላይ ያለው ለፑንታዎች ነው፤ ፑንታዎቹ ተደባልቀው ስለታቸው እንዳይበላሽ በወፍራም ዕንጨት ላይ በየመጠናቸው ቀዳዳ ተበጅቶ ይቁሙ። ባዶ ሆኖ የተገኘ ቀዳዳ የጠፋውን ፑንታ በዚያው ቀን ያስታውቃል። መካከለኛው ለሜትር፣ ለስኳድራ፣ ለካቻቢቴና ለፒንሳ ይሁን። ከታች ያለው ለሞርሳና ለከባድ ዕቃ ነው።

በክረምት ዕንጨት ስለሚያብጥ ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት፤ ያለዚያ በግንቦት ተሠርቶ ደኅና ሲሳብ የነበረው መሳቢያ በሐምሌ አልከፈትም ይላል። ደግሞም ከአንድ የበለጠ መሳቢያ በአንድ ጊዜ አይከፈት። ሦስቱም ተስበው ሲወጡ ከታች ያኖርነው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የደከምንበትም ጥንካሬ ይጐድላል።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ጥንቃቄ

በብዙ ስፍራ የሥራው ክፍልና የመኖሪያው ቤት በአንድ ግቢ ናቸው። ስለዚህ የሚከተለውን አባትም እናትም ይወቁት። ሣጥኑ ከመገፋቱ በፊት የኤሌክትሪኩ ገመድ ከሶኬቱ ይነቀል። የፑንታው ማጥበቂያ ቍልፍ በመያዣው ላይ ተረስቶ ሞተሩ ቢነሣ ቍልፉ ተወርውሮ ሰው ይጐዳል፤ ስለዚህ በላይኛው መሳቢያ ቦታ ይኑረው። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተፈታ ጠጕርና የእጅ ጓንት ከሚዞር ፑንታ ይራቁ፤ ዐይንም በመነጽር ይጠበቅ። የሚበሳው ብረት በእጅ ሳይሆን በሞርሳ ይያዝ፤ ፍርፋሪውም በብሩሽ ይጠረግ።

የፍጥነቱም ነገር አይዘነጋ። ለተራ ብረት 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 800 ዙር ያህል፣ 5 ሚሊ ሜትር ፑንታ 1,600 ዙር ያህል ይስማማዋል። ፑንታው በወፈረ ቍጥር ቺንጋው ወደ ዝግተኛው ፑሌጃ ይዛወራል። በማይገባ ፍጥነት የሚሽከረከር ወፍራም ፑንታ ስለቱ ይቃጠላል፤ ብረቱን ነክሶም መቆሚያውን ያናውጣል።

ባለሙያው ይህን ሣጥን ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ባዶውን በረንዳው ላይ ገፍቶ ይሞክረው፤ ቀጥሎ ኮንክሪቱን አፍስሶ ካደረቀ በኋላ፣ ትራፓኖውን በመጨረሻ ይጫን። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚሞላ ሰው አንድ ቀን ሲወድቅ ያየዋል። ይህን ሥርዐት ልጁ አጠገቡ ቆሞ እያየ ቢማረው፣ መሣሪያውን ለመውረስ በሚደርስበት ጊዜ አያያዙንም አብሮ ይወርሳል።