አይዛክ ሄይስ፦ ከስታክስ ጓዳ ወደ መድረክ

ሳም ኤንድ ዴቭ በ1967 «ሶል ማን»ን ሲዘፍኑ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ያጨበጨበችው ለሁለቱ ድምፃውያን ነበር። ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ዜማውን የሠራላቸው አይዛክ ሄይስ ስሙ የሚገኘው ሸክላው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው።

ሄይስ በ1942 በቴነሲ ተወልዶ በአያቶቹ እጅ አደገ፤ በልጅነቱ ጥጥ ለቅሟል። ሜምፊስ ገብቶ ቀን በሥጋ ማቀነባበሪያ እየሠራ ማታ በክለቦች ይጫወት ነበር። ስታክስ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቡከር ቲ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ እሱን ተተኪ አደረገው። ከዴቪድ ፖርተር ጋር ተጣምሮም፣ ፖርተር በአመዛኙ ግጥሙን፣ እሱ ዜማውን እየሠሩ ለሌሎች ፕሮዲዩስ ያደርጉ ጀመር።

ከጓዳ ያወጣው የኩባንያው መከራ ነው። በታኅሣሥ 1967 የስታክሱ ድምፃዊ ኦቲስ ሬዲንግና አራት የባር ኬይስ ባንድ አባላት በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ስታክስ ከአከፋፋዩ ኩባንያ ከአትላንቲክ ጋር ሲለያይ፣ የቀደሙት ቅጂዎቹ ባለቤት በውሉ መሠረት አትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። ሳም ኤንድ ዴቭም ወደዚያው ተመለሱ። ሄይስ የሚጽፍላቸውን ድምፆች አጣ። ባዶውን ካዝና ለመሙላት የስታክሱ ኃላፊ አል ቤል በአንድ ጊዜ 27 አልበሞች እንዲሠሩ አዘዘ፤ አንዱ የሄይስ ሆነ። የመጀመሪያ አልበሙ ገበያ ስላላገኘ ከዚህኛው ብዙ የጠበቀ አልነበረም። ነፃነቱን ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1969 የወጣው «ሆት በተርድ ሶል» አራት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። ግሌን ካምቤል ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የዘፈነውን «ባይ ዘ ታይም አይ ጌት ቱ ፊኒክስ» ሄይስ ከ18 ደቂቃ በላይ አስረዘመው። ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ላይ እንደቆመ፣ በወፍራም ድምፁ በዘፈኑ ውስጥ ያለውን ባል ታሪክ ይተርካል፤ ዜማው የሚገባው አድማጭ ሰውየውን ካወቀው በኋላ ነው። ከዘፈን በፊት የመተረክ ልማዱን የጀመረው የክለብ ታዳሚን ወሬ ጸጥ ለማሰኘት ነበር። የአልበሙ ፕሮዲዩሰሮች ተብለው የተመዘገቡት አል ቤል፣ ማርቬል ቶማስና አለን ጆንስ ናቸው፤ የሄይስ ስም እዚያ የለም። እኔ ግን በየዝምታው የምሰማው የእሱን የፕሮዲዩሰርነት ጆሮ ነው። ለሌሎች ሲሠራ ሦስት ደቂቃ ውስጥ መጭመቅ የነበረበትን ሁሉ ለራሱ ዘርግቶ ሠራው። አልበሙ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ፖፕ፣ አር ኤንድ ቢና ጃዝ ሰንጠረዦች ውስጥም ገባ።

በ1971 «ሻፍት» ለተባለው ፊልም የሠራው መክፈቻ በተከታዩ ዓመት በምርጥ ዘፈን ዘርፍ ኦስካር አስገኘለት፤ በዚህ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እዚያም ቅድሚያውን ለራሱ አልሰጠም። በዊሊ ሆል ጸናጽልና በቻርልስ ፒትስ ዋዋ ጊታር ተጀምሮ፣ ነፋስና ክር መሣሪያዎቹ ተራ በተራ ገብተው፣ ድምፃዊው አፉን የሚከፍተው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው።