ነብር፣ ፍየልና ቅጠል

«እንቆቅልህ?»

«ምን አውቅልህ?»

«አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ከወንዝ ዳር ደረሰ። ታንኳው ትንሽ ነው፤ ከሰውየው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። ነብሩና ፍየሏ ለብቻቸው ከቀሩ ነብሩ ፍየሏን ይበላታል። ፍየሏና ቅጠሉ ለብቻቸው ከቀሩ ፍየሏ ቅጠሉን ትበላዋለች። ሰውየው ሦስቱንም እንዴት አድርጎ ያሻግር?»

ይህን እንቆቅልሽ ልጅ ሆኖ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ማታ እሳት ዳር ይጠየቃል። ከብት ጥበቃ ላይም ይጠየቃል። መልሱ የጠፋበት «እንግዲያው አገር ስጠኝ» ይባላል። አንዱ ወልድያን ይሰጣል፤ ሌላው መርሳን ይሰጣል። ተቀባዩም የወልድያ ጌታ ሆኖ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ያልመለሰውን ሰው ሲቀልድበት ያመሻል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«አላ ውኃን የምንሻገረው በእግራችን ነው፤ የምን ታንኳ ነው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነብር በታንኳ ጭኖ የሚሻገር ሰውም አይተን አናውቅም። እንቆቅልሽ ግን እንደ ሕግ ነው። ሕጉ አንዴ ከተነገረ በሕጉ ውስጥ ሆኖ መልስ መፈለግ ነው።

እስቲ አብረን እንፈልግ። መጀመሪያ ማንን እናሻግር? ነብሩን ብንወስድ ፍየሏ ቅጠሉን ትጨርሳለች። ቅጠሉን ብንወስድ ነብሩ ፍየሏን ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሻገረው ፍየሏ ናት። ነብር ቅጠል አይበላምና ሁለቱ አብረው ቢቀሩ ምንም አይሆኑም። ሰውየው ፍየሏን ማዶ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። ቀጥሎ ነብሩን ያሻግራል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ነብሩን ከፍየሏ ጋር ትቶ መመለስ አይችልማ! ታዲያ ምን ያድርግ? ነብሩን ያወርድና ፍየሏን መልሶ ይጭናታል። ወደመጣበት ዳር ይዟት ይመለሳል። እዚያ ፍየሏን አውርዶ ቅጠሉን ይጭናል። ቅጠሉን ከነብሩ ጋር ትቶ ባዶውን ይመጣል። በመጨረሻ ፍየሏን ይዞ ይሻገራል። ሄዶ መመለሱ ሁሉ ሲደመር ወንዙን ሰባት ጊዜ ተሻግሯል። በጣታችሁ ቁጠሩት።

መልሱ የሚከብደው ለምንድን ነው? ያሻገሩትን መልሶ ማምጣት ኪሳራ ስለሚመስል ነው። ሰው ሁሉ ወደፊት ብቻ መሄድ ይወዳል። ገበሬ ግን ነገሩን በሥራው ያውቀዋል። ጎተራ የገባውን እህል ለዘር ብሎ መልሶ ወደ እርሻ ያወጣው የለም እንዴ?

አሁን ይህን እንቆቅልሽ በአፍ ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚነካ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ትልቅ ብልሃት አይጠይቅም። ከአናጢ ዘንድ የተጣለ የዋንዛ ቁራጭ ይበቃል። ለዚህ ሲባል የቆመ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ዋንዛ ለመሮ ስለሚመች ጥሩ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ለጀማሪ እጅ ያደክማል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል።

ሁለት ስንዝር የሚሆን ሳንቃ ይዘጋጅ። ሁለቱ ጫፎች የወንዙ ዳርና ዳር ናቸው። በመካከላቸው ቀጥ ያለ ቦይ በመሮ ይቆፈር። በቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ትንሽ የእንጨት ታንኳ ይሠራ። ከዚያ ሰውየው፣ ነብሩ፣ ፍየሏና ቅጠሉ ከእንጨት ይቀረጹ። እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አንድ እግር ይኑራቸው፤ ቀዳዳ ውስጥ የሚቆሙበት ነው። የሰውየው እግር ቀጭን ይሁን። የሦስቱ ጭነቶች እግር ወፍራም ይሁን። በየዳሩ አንድ ቀጭንና ሦስት ወፍራም ቀዳዳ ይበሳ። በታንኳው ላይ ግን አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ቀዳዳ ብቻ ይበሳ።

የሥራው ቁም ነገር ያለው በዚህ ነው። ወፍራም እግር በቀጭን ቀዳዳ አይገባም። ስለዚህ ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው እንኳ ሁለት ጭነት ባንድ ጊዜ ሊጭን አይችልም። እንጨቱ ራሱ ይከለክለዋል፤ ዳኛ አያስፈልግም። የነብሩን ነጠብጣብ ሚስማር አግሎ በመተኮስ ማውጣት ይቻላል። ቀለም መግዣ ለሌለው ይህ ይሻላል፤ አይለቅም። እንጨት የማይሆንለት በሸክላ ጭቃ ይሥራቸው። ጭቃው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሰነጠቃል።

እንስሶቹን መለወጥም ይቻላል። ጅብ፣ አህያና ገብስ ቢደረጉ ሕጉ አይፈርስም። ከሁሉ የምንወደው ግን ሌላ ነው፤ ቀይ ቀበሮ፣ አይጥና ገብስ። ቆላውና ወይና ደጋው ቀይ ቀበሮን አያውቀውም፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የወረደ ደገኛ ግን ያውቀዋል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የሚኖረው በከፍተኛ ደጋ ነው፤ ዋና ምግቡም አይጥ ነው። አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም አንልም። በዚህ የተነሣ የሚያሳድደውና የሚገድለው ሰው አለ። ከሰው ይልቅ የሚጨርሰው ግን ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

እስቲ ቀበሮውን በእንጨቱ ታንኳ ላይ ጫኑትና ውሰዱት። አይጧ ከገብሱ ጋር ለብቻዋ ቀረች። ገብሱ ምን ይሆናል? በሳንቃው ላይ ያየነውን በማሳው ላይ እናስበው። ቀበሮ የጠፋበት ተራራ አይጡን ማን ይቀንስለታል?

እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አልኵን የተባለ መምህር ነበረ፤ በ804 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሞተ። የሱ ነው በሚባል የጥያቄዎች መጽሐፍ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጥቅል ጎመን ወንዝ ይሻገራሉ። ሥዕሉ ቢለወጥም ሐሳቡ አንድ ነው። በሃንጋሪ አገር ደግሞ ኤርኖ ሩቢክ የተባለ የሥነ ሕንፃ መምህር በ1974 በዚያው አቆጣጠር በየጎኑ የሚዞር ባለ ስድስት ቀለም መጫወቻ ሠራ። የመጀመሪያውን የሠራው ከእንጨት ነበር። ቀለሞቹ ከተቀላቀሉ በኋላ መልሶ ለማስተካከል እሱን ራሱን ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። ሠሪውን እንዲህ ካስቸገረው ሌላው ቢቸገር አይገርምም! መጫወቻው ኋላ በዓለም ሁሉ ተሸጠ።

በኛም አገር ገበጣ አለ። አፈር ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ በጠጠር ይጫወቱታል፤ በእንጨት የተቀረጸም አለ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ጠጠሩን ሳያነሣ «ይህን ባነሣ የት ያልቃል?» ብሎ የሚያሰላ እረኛ ፊደል ባይቆጥርም ሒሳብ ያውቃል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚቀርጸው እጅ ሲከበር አላየንም። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ እንጀራ እየተጋገረ እሷ ትናቃለች። የማረሻውን ጫፍ ማን ሠራው? ውኃ የሚቀዳበትን እንስራ ማን ጠፈጠፈው? ይህ ንቀት ጎጂ ነው፤ ልጆች የእጅ ሥራ ከመማር የሚሸሹት በሱ ምክንያት ነው። ወልድያ የላሊበላ መንገድ መገንጠያ ናት። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ የአገሩን ሥራ ቢያገኝ ይገዛል። በደንብ የተቀረጸ ነብርና ፍየል ከነታንኳው ለአንድ ጎበዝ አናጢ በክረምት ሥራ ሲጠፋ መደጎሚያ ሊሆነው ይችላል።

ሳንቃውን የሠራችሁ ይህን ደግሞ ሞክሩት። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ወንዝ ዳር ደረሱ። ታንኳው አንድ ትልቅ ሰው ወይም ሁለት ልጆች ብቻ ይይዛል። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር አብሮ አይሳፈርም። ልጆቹ መቅዘፍ ይችላሉ። አራቱም እንዴት ይሻገራሉ? መልሱን እዚህ አንጽፈውም። ወንዙን ዘጠኝ ጊዜ እንደሚሻገሩት ብቻ እንነግራችኋለን፤ ያልሆነለት አገር ይስጥ።