ልብ ሲመታ በፍቅር ነው ወይስ በፍርሃት?

በቤተ ሙከራችን የሻይ ሰዓት ላይ ሁለት ባልደረቦቼ በአንድ መጽሐፍ ተጨቃጨቁ። አንደኛዋ «እንደዚህ ያለ የፍቅር ታሪክ አንብቤ አላውቅም» ትላለች። ሌላው ደግሞ «ሰውዬው እኮ ሚስቱን ገድሏል! የቱ ጋ ነው ፍቅሩ?» ይላል። ሻዩ ቀዘቀዘ። መጽሐፉ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመችው «ሬቤካ» ነው። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ሁለት መሣሪያ አንድን ነገር ለክተው በጣም የተራራቀ ቁጥር ሲያመጡ፣ የምህንድስና ሰው አንዱ ተበላሽቷል ከማለቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ለመሆኑ ሁለቱም የሚለኩት አንድ ነገር ነው?

ፍቅርንና ግድያን የሚያደባልቁ ልብ አንጠልጣይ ልብወለዶች ላይ አንባቢዎች እንዲህ የሚለያዩት ለምን እንደሆነ ለማየት «ሬቤካ» ጥሩ ናሙና ነው። ከዚህ በታች ምስጢሩን ስለምነግራችሁ ላላነበባችሁት ይቅርታ። ይቅርታው ያስፈልግ እንደሆነ ግን በኋላ እንመለስበታለን።

ስሟ እስከ መጨረሻው የማይነገረን አንዲት ወጣት ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ማክሲም ደ ዊንተር ከሚባል፣ ሚስቱ ከሞተችበት ሀብታም ጋር ትተዋወቃለች። ብዙም ሳይቆዩ ይጋባሉ። ወደ ባሏ ትልቅ መኖሪያ፣ ወደ ማንደርሌይ ስትገባ ግን ቤቱን ያዘዘችው ሟቿ ሬቤካ ናት። ዕቃው የሷ፣ ልማዱ የሷ፣ የቤቱ ሠራተኞች ኃላፊ ሚስስ ዳንቨርስም ልቧ ከሷ ጋር ነው። ምስኪኗ ሙሽራ ባሏ አሁንም የድሮ ሚስቱን እንደሚወድ እርግጠኛ ሆና በቅናት ትቃጠላለች። ከዚያ ባሕር ውስጥ የሰጠመችው የሬቤካ ጀልባ ከነአስከሬኗ ትገኛለች፤ ማክሲምም ይናዘዛል። ሬቤካን ወዷት አያውቅም። ተኩሶ የገደላትም እሱ ነው።

ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ ምን ተሰማት? እፎይታ! ከግድያው ይልቅ «አይወዳትም ነበር ማለት ነው» የሚለው ሐሳብ ልቧን ሞላው። ከዚህ ገጽ በኋላ ብዙ አንባቢ ሳይታወቀው ነፍሰ ገዳዩ እንዳይያዝ መመኘት ይጀምራል። እኔም ተመኝቻለሁ። ምኞታችንም ይሠምራል፤ ሬቤካ ራሷን እንዳጠፋች ተደርጎ ነገሩ ይዘጋል።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1940 ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው ይህቺው ገጽ ራስ ምታት ሆነች። የዘመኑ የሆሊውድ ደንብ ነፍሰ ገዳይ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድማ። ስለዚህ በፊልሙ ሬቤካ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ትሞታለች። አደጋ ሆነ ማለት ነው፣ ማክሲምም ከገዳይነት ወደ ዕድለ ቢስነት ተዛወረ። ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ደራሲዋ በበኩሏ መጽሐፉን ስለ ቅናት እንደጻፈችው ነበር የምታየው፤ እንደ ፍቅር ታሪክ መሸጡ አልተዋጠላትም። እንግዲህ በደራሲዋ፣ በሻጩና በፊልም ተቆጣጣሪው መካከል እንኳ ስምምነት ከሌለ የእኛዎቹ የሻይ ሰዓት ተከራካሪዎች ምን ያድርጉ?

አሁን ከመጽሐፉ ለጥቂት ደቂቃ ወጥተን ካናዳ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ድልድይ እንሂድ፤ ምክንያቱም እዚያ የተሠራው ሙከራ ገጹ ላይ ምን እንደተፈጠረብን ይጠቁማል። የካፒላኖ ተንጠልጣይ ድልድይ ከወንዙ 70 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። ዶናልድ ደተን እና አርተር አሮን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት ሴት ጠያቂ እዚህ ድልድይ ላይ ወንዶችን እያስቆመች አንድ ሥዕል አሳይታ አጭር ታሪክ ታስጽፋቸዋለች። መጨረሻ ላይ «ስለ ጥናቱ ማወቅ ከፈለግህ ደውል» ብላ ስልኳን ትሰጣለች። ያንኑ ነገር ዝቅ ባለና በማይነቃነቅ ድልድይ ላይ ደገመችው። በሚወዛወዘው ድልድይ ላይ ስልኩን ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉ፤ በጠንካራው ላይ ከወሰዱት 16 ሰዎች ግን 2 ብቻ። የሚያስፈራው ድልድይ ላይ የተጻፉት ታሪኮችም የበለጠ ወደ ፍትወት ያዘነበሉ ሆነው ተገኙ።

ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው። ስንፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልበዋል። የምንወደውን ሰው ስናይም ከዚህ ብዙው ይደገማል። ሰውነት ደወሉን ይደውላል እንጂ ማን እንደመጣ አይናገርም፤ «ይሄ ፍርሃት ነው»፣ «ይሄ ፍቅር ነው» ብሎ ስም የሚያወጣው አእምሮ ዙሪያውን አይቶ ነው። አንዳንዴም ይሳሳታል። እርግጥ 18 እና 16 ሰው ለትልቅ ድምዳሜ ትንሽ ነው፤ ደግሞም የሚወዛወዝ ድልድይ የሚመርጥ ሰው ከመጀመሪያውም ደፋር ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስላሰቡ ድልድዩን ተሻግረው ካረፉ ሰዎች ጋርም አነጻጽረዋል፤ በድልድዩ መሀል የነበሩት አሁንም በለጡ።

በዚያው ዘመን ዶልፍ ዚልማን የሚባል ተመራማሪ ሌላ ቁራጭ ጨመረበት። የተቀሰቀሰ ሰውነት ወዲያው አይበርድም፤ የተረፈው ሙቀት ቀጥሎ ለሚመጣው ስሜት ጉልበት ይሆነዋል። ጀበና ከእሳቱ ወርዶም ትንሽ ጊዜ ይንተከተክ የለ? እንደዚያ ነው። አንድ ደራሲ መጀመሪያ የአስከሬን ምዕራፍ፣ ወዲያው ደግሞ የመተቃቀፍ ምዕራፍ ካመጣ፣ እቅፉ ውስጥ ያለው ሙቀት ግማሹ ከአስከሬኑ የተበደረ ነው። አንዷ አንባቢ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» ስትል የተሰማት እውነት ነው። ሌላው «ያስፈራል» ሲልም እንደዚያው። የተለያዩት ሙቀቱን በሰየሙበት ስም ይመስለኛል።

ይህ ግን ነገሩን ሁሉ አይፈታም። ሰው ልብወለድ የሚከፍተው ውል ይዞ ነው፤ የሁለቱ ዘውጎች ውል ደግሞ ይጋጫል። ጃኒስ ራድዌይ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር የፍቅር ልብወለድ የሚያዘወትሩ ሴቶችን አነጋግራ በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንዳንዶቹ መጨረሻው ማማሩን ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ክፍል ቀድመው እንደሚያነቡ ጽፋለች። የግድያ ታሪክ ወዳጅ ይህን ቢሰማ ጸጉሩ ይቆማል! የእሱ ውል «መጨረሻውን ደብቅልኝ» ነው።

አሁን ሁለቱን ውሎች አንድ መጽሐፍ ላይ ፈርሙ። ተጠርጣሪው አፍቃሪው ራሱ ከሆነ፣ ለፍቅር አንባቢዋ «መጨረሻው ያምራል» ብላችሁ ቃል ስትገቡ ለግድያ አንባቢው «ገዳዩ እሱ አይደለም» ብላችሁ ነገራችሁት። ምስጢሩን ስትጠብቁ ደግሞ የመጀመሪያዋ ማመን ታቆማለች። እኛ ዲዛይን ላይ የምንለው ነው፤ ሁለት ፍላጎት ሲጋጭ አንድ ቦታ ላይ ዋጋ ይከፈላል። «ሬቤካ» ሁለቱንም ውል አክብራለች። ምስጢሩ እውነተኛ ምስጢር ነው፣ ጥንዶቹም አልተለያዩም። ዋጋውን የከፈለው የአንባቢው ኅሊና ነው፣ ባልደረባዬንም ያበሳጨው ይሄ ሂሳብ እሱ ላይ መምጣቱ ነው።

ይቅርታውን አልረሳሁትም። በ2011 ሊቪት እና ክሪስተንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሙከራ መጨረሻቸው ቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች አጫጭር ታሪኮቹን በአማካይ የበለጠ ወደዋቸው ነበር፣ የምስጢር ታሪኮችንም ጨምሮ። በ2015 የወጣ የሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ። ስለዚህ ይቅርታዬ ግማሽ ትሁን።

«በአማካይ» ያልኩትን ደግሞ ጠርጥሩት። አሥር ሰው አንድን መጽሐፍ ከ5 ኮከብ ገመገመ እንበል። አምስቱ 5 ቢሰጡ፣ አምስቱ 1 ቢሰጡ፣ አማካዩ 3 ይሆናል፤ ማንም ግን 3 አልሰጠም። ግማሹ 36 ቁጥር ግማሹ 44 ቁጥር ለሚያደርግ ቡድን 40 ቁጥር ጫማ ገዝቶ እንደማደል ነው። በዚያ ላይ ደረጃ ለመስጠት የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በጣም የወደደ ወይም በጣም የተናደደ ሰው ነው፤ መሀል ያለው ዝም ይላል። እንዲህ ዓይነት ልብወለድ ለመምረጥ ስትፈልጉ ከአማካዩ ይልቅ ስርጭቱን እዩ። ሁለት ጉብታ ካለው መጽሐፉ መካከለኛ ሳይሆን ሁለት ዓይነት አንባቢ ያለው መጽሐፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ከኮከብ በላይ ያሳስበኛል። መጽሐፍ ይዘጋል። ከሰው ጋር ስትሆኑ ግን «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሲቆጣ እንዴት እንደምሆን አላውቅም» የሚለው ምልክት ስሙን ከየት እንደሚያገኝ ማየት ይከብዳል። ድልድዩ ላይ ያሉት ሰዎች ቢጠየቁ የሚያስፈራቸው ከፍታው እንደሆነ መናገር ይችሉ ነበር። አስፈሪውም ተወዳጁም አንድ ሰው ሲሆን የሚጠቁሙት ድልድይ የለም። ባልደረባዬ «የቱ ጋ ነው ፍቅሩ?» ያለው ይህን አስቦ እንደሆነ በማግስቱ ጠየቅሁት። እህቱን አስቦ ኖሯል፤ ዝርዝሩን አልነገረኝም፣ እኔም አልጨቀጨቅሁትም።

ሁለቱንም ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ ስለ መጽሐፉ ያላችሁ አስተያየት የተወሰነው የት ላይ ነው? እሷ መጽሐፉን አውጥታ አንድ ገጽ ገለጠች። እሱ በትከሻዋ አሻግሮ አየና «እኔም እዚሁ» አለ። የኑዛዜው ገጽ ነበር።