ሀዋሳ መቼ ይኬዳል?

መጀመሪያ ሀዋሳ የሄድኩ ጊዜ አሞራ ገደል የሚባለው ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነበር። ስለ ገበያው ያልተነገረኝ አልነበረም። ያገኘሁት ግን ፀሐይ ያደረቀው ቅርፊት፣ ባዶ ጀልባዎችና ጠግበው የቆሙ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ብቻ ነው። ሾርባ የምትሸጥ ሴት ሁኔታዬን አይታ፣ «ጋሼ፣ ገበያው እኮ ተበተነ፤ ነገ በጠዋት ይምጡ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ሀዋሳ ምን ምን ልይ?» ሲለኝ፣ «መጀመሪያ መቼ እንደምትሄድ ንገረኝ» እላለሁ። የሚታየውን ቦታ ባጃጅ ይዞ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። ከተማዋን ከሌላው የሚለያት ግን ሰዓቱንና ቀኑን የሚጠብቅ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። የጎንደርን ግንብ ወይም የሐረርን ጀጎል አትጠብቁባት፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስሟ ግን በዕድሜ ከእሷ ይበልጣል። በሲዳምኛ «ሰፊ ውሃ» እንደ ማለት ሲሆን በቆዩ ጽሑፎች «አዋሳ» ተብሎ ይገኛል። ዛሬ፣ ከኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት።

የሀዋሳን ሐይቅ ለማየት ከመሄድዎ በፊት አንድ እንቆቅልሽ ይወቁለት። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ውሃ የተኛው፣ ጥንት ፈንድቶ በተደረመሰ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው። የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ በእንዲህ ያለ ሞቃት አገር ጨው ማጠራቀሙ አይቀርም፤ ውሃው ይተንና ወንዙ ያመጣው ማዕድን እዚያው ይቀራል። ጎረቤቶቹ አብያታና ሻላ እንዲህ ሆነዋል፤ የአብያታ ውሃ ሶዳ አሽ እስከ ማስመረት ደርሷል። ሀዋሳ ግን ጨዋማ አልሆነም። የዘርፉ ባለሙያዎች ውሃው ከሥር በመሬት ውስጥ ሾልኮ ስለሚሄድ ነው ይላሉ። ማዕድኑ እንዲህ መሹለኪያ አገኘ፤ ከኮረብታዎቹ የሚታጠበው አፈርና ከከተማው የሚለቀቀው ቆሻሻ ግን እንደዚያ ቀላል መንገድ የለውም። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ የሚንሸራሸር ሰው የያዘውን ፕላስቲክ የት እንደሚጥል ቢያስብበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ አሞራ ገደል፣ በጊዜ። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ገና ጭጋጉን አልገፈፈም። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ይጠጋሉ፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረው መረብ ተጎትቶ ይወጣል። ወጣቶች ከመረቡ ጥልፍልፍ ውስጥ ዓሣውን በጣታቸው እየለቀሙ ይጥላሉ። የሚበዛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛና ቢልጫም አለ። አምባዛን በጢሙ ይለዩታል፤ ቅርፊት የለውም፣ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ ቆሮሶውን በጅራቱ ይዞ ቢላዋውን ወደ ዓሣው ራስ ሽቅብ ይሰደዋል፤ ቅርፊቱ እንደ ብር ይበተናል፤ ሆዱን ይሰነጥቅና አንጀቱን ሳያይ ወደ ኋላ ይወረውራል። ማየትም አያስፈልገው፤ አባ ኮዳው መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ይህ ራሰ በራ ወፍ ቁመቱ ከትንሽ ልጅ ይበልጣል፤ ሰው አይፈራም፤ ቢሮ በር ላይ ፊርማ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ አንገቱን ቀብሮ ይቆማል። የዓሣውን ጥሬ በዳጣ የሚበሉ ደፋሮች አሉ። እኔ አልደፈርኩም፤ የጥሬ ዓሣ ነገር ጥገኛ ትል የሚያመጣበት ጊዜ ስላለ ለእንግዳ አልመክርም። ሾርባውና ጥብሱ ይበቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ገበያው ይሳሳል፤ እኔ የደረስኩበት ቀትርማ ምንም የለ።

ማታ ደግሞ ታቦር ተራራ መውጣት ነው። ስሙን የመጽሐፍ ቅዱሱ ተራራ አውሶታል። ከላይ ሲያዩት ሐይቁ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶችና ዛፎቹ በአንድ ዓይን ይገባሉ።

መንፈሳዊውን ጉዞ ለሚያስብ፣ የሀዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ በዓመት ሁለቴ ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። የታኅሣሡ ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ከእሳት የዳኑበት መታሰቢያ ነው፤ የሐምሌው የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ። በእነዚህ ቀናት ቁልቢ ለመሄድ የሚሳል እንዳለ ሁሉ ሀዋሳ የሚሳልም ብዙ ነው። ከየአገሩ ስለቱን ይዞ ይመጣል፤ ጃንጥላ፣ ሻማ፣ የተሳካለት ደግሞ ምስጋናውን። በዋዜማው አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከአንድ ወር በፊት ያልያዘ ሰው ሻሸመኔ አድሮ ቢመጣ ይሻለዋል።

ሁለቱ ንግሦች ለመንገደኛ አንድ አይደሉም። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ሐይቁ ዳር በየምግብ ቤቱ ሲነሳ ይሰማሉ። ሐምሌ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ጾም የለበትም፤ ዝናብ ግን አለ። ነጠላ ለብሶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሚቆም ሰው እንግዳ አይባልም። እያለቀሰች ስለቷን የምታስገባ እናት ላይ ካሜራ መደቀን ግን ነውር ነው፤ አይቻለሁ፣ አፍሬያለሁ።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፊቼ ጨምበላላ ቀን ግን በግድግዳ ካላንደር ላይ አይገኝም። ሲዳማ አራት ቀን የያዘ የራሱ ሳምንት አለው። በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ ሊቃውንት ናቸው፤ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ሌሊት እየተከታተሉ ይቆዩና ለጎሳ መሪዎች ይናገራሉ፤ ከዚያ ለሕዝቡ ይታወጃል። ስለዚህም ቀኑ ዓመት ከዓመት ቦታውን ይለውጣል። ከስድስት ወር በፊት ትኬት ለሚቆርጥ ቱሪስት ይህ ራስ ምታት ነው፤ እኔ ግን ይህን ወድጄዋለሁ። በሰው ፈቃድ የማይመጣ በዓል ነው።

መነሻውን አፈ ታሪኩ እንዲህ ያስታውሳል፦ ፊቼ የተባለች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ቀን ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር። ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ አብሮ ይበላል። ቡርሳሜ የእንሰት ምግብ ነው፤ በቅቤ ይለወሳል፣ በወተት ይበላል። ቀላል ይመስላል እንጂ ዓመታት የሚፈጅ ገበታ ነው። እንሰት ተተክሎ ለመድረስ በርካታ ዓመት ይወስዳል፤ ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ጠቅልለው ይቀብሩታል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እየቦካ ይቆያል። የፊቼ ዕለት ለልጅ የሚቀርበው ቡርሳሜ እንሰቱ ገና ልጁ ሳይወለድ የተተከለ ሊሆን ይችላል።

በዋዜማው ምሽት ሰዉ ከእርጥብ እንጨት በተሠራ ሁሉቃ በሚባል መተላለፊያ ሥር ያልፋል፤ ከብቱም ይነዳበታል፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነው። በማግስቱ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የየቤቱ እናት ቡርሳሜ ታበላቸዋለች። ከዚያ ሐይቁ ዳር ባለው ጉዱማሌ አደባባይ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ቄጣላ የሚባለውን ዜማ እያሰሙ ክብ ሠርተው ይገባሉ። እንግዳ ክቡን አያቋርጥም። ከዳር ይቁሙ፤ የሚጠራዎት አይጠፋም።

ዩኔስኮ ፊቼ ጨምበላላን በኅዳር 2008 ዓ.ም. ናሚቢያ ላይ ባደረገው ስብሰባ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለእኔ ከምዝገባው በላይ የሚደንቀኝ የጎሳ መሪዎች በዚያ ቀን የሚሰጡት ምክር ነው፤ ሥራ ውደዱ፣ ታላቅ አክብሩ፣ በሐሰት አትመስክሩ ከሚለው ጋር እኩል፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። የኮረብታዎቹ አፈር ወደ ሐይቁ እንዳይታጠብ የሚይዘው ማን ሆነና?

አንድ ቀን ከተረፈዎት ወንዶ ገነት ቅርብ ነው፤ ፍል ውሃ አለ፣ ደን አለ፣ ጉሬዛ አለ። ሻሸመኔም ጎራ ይበሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በውጭ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች በ1940ዎቹ መጀመሪያ አምስት ጋሻ መሬት የሰጡት እዚያ ነው። ጃማይካ ሰፈር የምንለው በዚያ መሬት ላይ የተመሠረተው ነው። ለእኛ የአውቶቡስ መለወጫ የሆነው ከተማ ለራስ ተፈሪያን ውቅያኖስ ተሻግረው የሚደርሱበት የተስፋ ምድር ነው።

ባለፈው ስመለስ መናኸሪያ ያደረሰኝን የባጃጅ ሹፌር የሚቀጥለው ፊቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀና በአውራ ጣቱ ወደ ባጃጁ ሸራ፣ ከሸራው በላይ ወዳለው ሰማይ አመለከተ። «እሱን አያንቶዎቹ ናቸው የሚያውቁት፣ ጋሼ። ስልክዎን ይስጡኝ፤ ሲነገር እደውላለሁ።» ለትህትና ያህል መስሎኝ ሰጠሁት። ከወራት በኋላ አንድ ማታ እራት ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነበር። «ጋሼ፣ ተነገረ» አለኝ።